ጸሐፌ ግድግዳ ክፍሉ ቃል ወልዶ እንደ ካደ

በዘመነ ማርቆስ፥ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፥ ስኳር ከሱቅ መደርደሪያ ወርዶ ወደ ወሬ በገባ በሦስተኛው፥ ጸሐፌ ግድግዳ ክፍሉም በቀበሌው ግንብ ላይ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፥ በወርኃ ግንቦት፥ የድሬዳዋ ፀሐይ እንኳን ሰውን ፍየሉን ከጥላ ወደ ጥላ በምታሳድድበት ሰሞን፥ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ፥ ከመጋላም እስከ ሐርላ ኮረብታ የተሰማ አንድ ታላቅ ጀብዱ ተደረገ። ጀብዱውም አንበሳ መግደል አይደለም፥ ምሽግ መስበርም አይደለም፤ አንዲት ቃል መውለድ ነው እንጂ። ይህንም የምንጽፈው ለመጪው ትውልድ ነው፤ ትውልዱ ጻፉልኝ ብሎ ባይለምነንም።

ክፍሉስ ማን ነው ቢሉ፥ አባቱ ለባቡር ሥራ ከደጋ ወርዶ በዚያው የቀረ፥ እትብቱ ከዚራ የተቀበረ፥ መልኩ ቀይ ዳማ፥ ቁመቱ መካከለኛ፥ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፥ ጠዋት በአንድ መጋዘን ዕቃ የሚያስረክብ፥ ከሰዓት በኋላ ግን ብዕረ ስሉጥ፥ ዐቃቤ ሙጫ፥ መጋቤ መፈክር፥ የቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፥ ምክትል አዘጋጅ፥ ዘጋቢና ለጣፊ ነበረ። በእርሱ እጅ ያልተወደሰ የጽዳት ዘመቻ፥ በእርሱ እጅ ያልተወገዘ አሻጥረኛ ነጋዴ በዚያ ግንብ ላይ አልነበረም። ነገር ግን፥ ወይ የጸሐፊ ዕድል! በዚያ ዘመን ሥርዓት ግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ከግርጌው «ከሰፊው ሕዝብ» ይባል ነበር እንጂ የጻፈው ሰው ስም አይወጣበትም፤ ስለዚህም ክፍሉ ይህን ሁሉ ዘመን ጽፎ ስሙን አንድ ቀን እንኳ ከጽሑፉ በታች አላየም። ይህ ነገር ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ይቆረቁረው ነበር።

ባለቤቱም ወይዘሮ የሺአረግ፥ በቀፊራ ገበያ ቅመም የምትቸረችር፥ አንደበተ ርቱዕት፥ ለሹምም ለሽማግሌም የማትመለስ፥ የባልዋን ድካም እያየች ታዝን ነበር፤ ኀዘንዋንም በዚህ አዋጅ ትገልጽ ነበር፦ «ኧረ አቦ ክፍሉ! ሰው ዕድሜውን ለግድግዳ ይጽፋል እንዴ? ግድግዳ እኮ መልስ አይሰጥም! ይልቅ ሂድና ስኳር አምጣልኝ፤ ስምህን ሻይ ውስጥ አማስዬ አልጠጣው!» ክፍሉም ይህን በሰማ ቁጥር ሸሚዙን አስተካክሎ ይወጣ ነበር፤ በልቡም፥ አንድ ቀን ስሜ የተጻፈበት አንድ ነገር በዚህች ከተማ ይቀራል ይል ነበር።

በዚያ ወራት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ በቀለ ነበረ፤ እርሱም ድምፀ ነጎድጓድ፥ ሲናገር ውኃ የማይጠጣ፥ «በመጨረሻም» ብሎ ከጀመረ በኋላ ገና እኩሌታው የሚቀረው ሰው ነው። ጭንቀቱም አንድ ነበር፤ ሕዝቡ ስብሰባ አልመጣ አለው። የድሬ ሰው ደግሞ ምሳውን በልቶ፥ የጫት ቅጠሉን ይዞ፥ ምንጣፉ ላይ ጋደም ካለ በኋላ እንኳን በሊቀ መንበር በእሳት አደጋም አይነሣም። ስለዚህ ጓድ በቀለ መከረ፥ ከራሱም ጋር ተስማማ፥ እንዲህም ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ስኳር የሚታደለው በስብሰባ ላይ ነው! ስብሰባውም የሚካሄደው በስኳሩ ሰልፍ ላይ ነው! ንግግሩ ሳያልቅ ሚዛን አይነሣም፥ ሰልፉም ንቅንቅ አይልም!»

በማግሥቱም በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ሠራዊቱ ተሰለፈ። በቀኝ ክንፍ የመጋላ እናቶች ከነዘንቢላቸው፥ በግራ ክንፍ የባቡር ጡረተኞች ከነጃንጥላቸው፥ ከኋላ ደጀን ሆነው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር፥ መካከሉን ደግሞ ራሳቸው ቤታቸው ተኝተው ተራ ይጠብቅልን ብለው በወኪልነት ድንጋይ፥ የዘይት ቆርቆሮና ያረጀ ነጠላ ጫማ የላኩ ነዋሪዎች ያዙት። ጓድ በቀለም ጆንያ ላይ ወጥቶ፥ ድንጋዩንም ቆርቆሮውንም ጨምሮ «የተከበራችሁ ጓዶች» አላቸው። ዐቃቤ ስኳር ፋዱሞ፥ የሱቁ ሻጭ፥ መስፈሪያዋን በአየር ላይ ይዛ ክንድዋ እስኪዝል ቆመች። ተናገረ፥ ተናገረ፤ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ተናገረ፥ ስለ ቦይ ጠረጋም ተናገረ። ንግግሩ ባለቀ ጊዜ ፊት የቆሙት ወሰዱ፤ ክፍሉ ዘንድ ሲደርስ ግን ጆንያው ተገለበጠ፥ ተራገፈም፥ ስኳርም አልነበረበትም።

ጸሐፌ ግድግዳም ባዶ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፥ አንገቱ ተቃጥሎ፥ ከንፈሩ ደርቆ ቤቱ ደረሰ። የሺአረግ በደጃፍ ቆማ ጠበቀችው፤ ይህን ያህል ሰዓት የት እንደ ዋለ፥ ስብሰባ እንደ ነበረ ወይስ ሰልፍ፥ በአንድ ትንፋሽ አዋጅ ጠየቀችው። እርሱም ሁለቱን ለይቶ ለመናገር አቅም አጣ፤ ምላሱ ሁለቱን ቃላት በአንድ ጊዜ አነሣና እንዲህ አለ፦ «ስብሰልፍ ነበርኩ!»

እነሆ ተወለደች! ያ ዘመን በእርግጥ የቃላት ሠርግ ዘመን ነበረ፤ ወዝ ከአደር ጋር ተጋብቶ ወዛደርን የወለደበት፥ ማን እንደ ዳራቸው ሳይታወቅ ልጆቻቸው በጋዜጣና በራዲዮ የሚመላለሱበት። የዚያች ቀን ሠርግ ግን ሚዜም አልነበረው፥ ደጋሽም አልነበረው፤ ከአንድ ደረቅ ጉሮሮ ወጥታ በአንድ ደጃፍ ላይ ወደቀች። የሺአረግም፥ ከሠርጓ ማግሥት ጀምሮ በባልዋ ቃል ስቃ የማታውቅ ሴት፥ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፥ ከዚያም ደፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ክፍሉ ቆሞ አያት፤ ደስታውም ልኩን አለፈ፥ ስኳሩንም ረሳ።

ከዚህ በኋላ ቃሊቱ እግር አወጣች። የሺአረግ ከማን እንደ ሰማቻት ሳትናገር ለፋዱሞ ነገረቻት፤ ፋዱሞም ሱቅ ደጃፍ ለቆመው ሁሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ለሊቀ ሠረገላት ዳሂር ደረሰች። ይህ ዳሂር ጋሪ ነጂ ነው፤ ፈረሱ ከሲታ ወሬው ግን የሰባ፥ ከከዚራ ወደ መጋላ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ እየተሻገረ ሰው የሚያመላልስ። እርሱም በአደባባይ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ያ ጀማዓ! ዛሬ ስብሰልፍ አለ! መሄድ የፈለገ ይውጣ፤ ያልፈለገ ኸላስ፥ ድንጋዩን ይስጠኝ፥ ወላሂ በግማሽ ዋጋ አደርስለታለሁ!» ከተማዋ በሳቅ ታመመች። ኦሮሞው በኦሮምኛው መካከል፥ ሶማሌው በሶማልኛው መካከል ሳይተረጉም አስገባት፤ ሕፃናትም ድንጋይ ደርድረው አንዱ እየጮኸባቸው «ስብሰልፍ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ክፍሉ በዚያ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሳለ ተሳፋሪዎች ቃሉን ሲቀባበሉ ሰማ፥ አፉንም ከፈተ፥ የእኔ ናት ሊል ከጀለ፤ ግን ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው አላወቀውምና መልሶ ገጠመው።

አለመናገሩም ደግ አደረገ፤ ጓድ በቀለ ሰምቶ ነበርና። ሊቀ መንበሩ በገዛ ንግግሩ መካከል አንዲት ባልቴት «ስብሰልፉ መቼ ነው የሚያልቀው ልጄ?» ብላ በየዋህነት ስትጠይቀው፥ ፊቱ ተለዋወጠ፥ ደም ሥሩም ተገታተረ፤ ከዚያም ጥበቃዎቹን በቀኝና በግራ አቁሞ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ይህ ቃል የሰፊውን ሕዝብ ስብሰባ መቀለጃ ለማድረግ አድኃሪዎች የፈበረኩት ነው! የወለደው ሰው ይውጣ! ካልወጣም ምንጩ ተጣርቶ ይገኝ! ማጣራቱንም ጓድ ክፍሉ አድርጎ፥ የቃሉን ትውልድ ከነሥሩ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ያውጣ!»

ወይ ጉድ! አባትየው የገዛ ልጁን አባት እንዲፈልግ ታዘዘ። ክፍሉ ፈራ፤ በዚያ ዘመን በቀበሌ እስር ቤት «ለጥቂት ማብራሪያ» የገባ ሰው ማብራሪያው እንዴት እንደሚረዝም ያውቅ ነበርና። የተተኮሰው ሸሚዙ በላብ ራሰ፤ የሺአረግንም አላናገራት፤ ቅጠሉን ገዝቶ ከዳሂር ዘንድ ሄደና ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሰዓት ሞቱን አሰበ፤ በሁለተኛው ሰዓት መሸሽን አሰበ፤ በሦስተኛው ምርቃናው ራሱ ላይ በወጣ ጊዜ ግን ጥበብ ተገለጠለት፦ የሞተ ሰው አይታሰርም። የቃሉን አባት ከሙታን መካከል ቢያደርገው ማን ይከሰሳል? ከሙታንም ሁሉ፥ ፍርስራሽ እንጂ ዘመድ ጠያቂ የሌላቸውን የጥንቶቹን የሐርላ ሰዎች መረጠ።

በማግሥቱ ግንቡ ላይ ይህ ወጣ፦ «ስብሰልፍ የዛሬ ቃል አይደለም። በሐርላ ኮረብታ ፍርስራሻቸው የሚታየው ጥንታውያን ሕዝቦች፥ ቁመታቸው ዛፍ የሚያክል፥ እህላቸውን በኅብረት ሲከፋፈሉ እየተሰለፉ ይመክሩ፥ እየመከሩም ይሰለፉ ነበር። ይህንኑ ሥርዓታቸውን ስብሰልፍ ብለው ሰየሙት። ቃሉ ከጭቁኑ ሕዝብ ማኅፀን የወጣ ነው። ከሰፊው ሕዝብ።» ክፍሉ ሙጫውን ቀብቶ ለጠፈው። ነፍሱም ዳነች፤ ጓድ በቀለም አነበበው፥ ግንባሩን ፈታ፥ «ታዲያ እንደዚያ ከሆነ ምን ችግር አለ?» ብሎ ራሱ በንግግሩ መካከል ይጠቀምበት ጀመር።

ነገሩ በዚህ ባለቀ፥ ታሪክ ጸሐፊም ብራናውን በጠቀለለ! ነገር ግን በሳምንቱ ከላይ አንድ ጓድ መጣ። «ከላይ» ማለት ከየት እንደሆነ በዚያ ዘመን አይጠየቅም ነበር፤ ካኪ የለበሰ፥ መነጽር ያደረገ፥ ከሁለት አጃቢ ጋር የሚሄድ ጓድ ነው። ይህ ጓድ መኪናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በግንቡ ጥላ ሥር ቆመ፥ ቆሞም አነበበ፥ ሁለተኛም አነበበ፥ መነጽሩንም ጠረገ። የቀበሌ ግድግዳ ላይ ከመፈክር ሌላ የሚነበብ ነገር አግኝቶ አያውቅምና እጅግ ተደነቀ። ወዲያውም፥ የማኅበርተኝነት አስተሳሰብ በዚህ ምድር ከጥንት እንደ ነበረ ይህች ቃል ማስረጃ ናት አለ፤ በዚያ ኮረብታ ሥር የሚኖሩት የሐርላ ገበሬዎችም የቃሉ ባለቤቶች እንደ መሆናቸው በመንደራቸው የስኳርና የሳሙና ሱቅ እንዲከፈትላቸው ቃል ገባ። ለዚህም ታላቅ ስብሰባ ተጠራ፤ በሰልፍ ሆኖ።

በተጠራውም ቀን የሐርላ መልእክተኞች በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ወረዱ። ሽማግሌዎች ከነበትራቸው፥ ሴቶች ከነባዶ ጣሳቸው፥ ሁለት ፍየሎችም ለእንግዳው እጅ መንሻ፤ በራሳቸውም ላይ ሼህ አብዱላሂ፥ ጢመ ሽበት፥ ረጋ ያለ አነጋገር፥ ዓይኑ ሰውን ሲያይ የማይቸኩል። ይህ ሼህ ስለ ቃሉ በተጠየቀ ጊዜ ወደ ሴቶቹ ዞሮ አየ፥ ከዚያም እንዲህ አወጀ፦ «አዎ፥ የእኛ ነው። አባቴ ሲለው ሰምቻለሁ። አባቱም ሲለው ሰምቷል። አላህ ሁሉን ያውቃል።» እኛ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ቃል ላይ አንፈርድም፤ የሐርላ ሴት ለአንድ ኪሎ ስኳር ከንጋት ጀምራ በእግርዋ ድሬ ወርዳ፥ የከተማ ነዋሪ አይደለሽም ተብላ ባዶዋን ትመለስ እንደ ነበረ እናውቃለንና።

ከላይ የመጣው ጓድም ተነሣ፥ ስለ ቃሊቱ ክብር ብዙ ተናገረ፥ በመጨረሻም፥ ወዮ ለዚያች መጨረሻ! እንዲህ አለ፦ «ይህን ድንቅ ቃል አንድ ሰው ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ፥ ስሙን በትልቁ በጋዜጣ ባወጣነው ነበር! ደግነቱ ሕዝብ ነው የፈጠረው!» ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ክፍሉ ግን አላጨበጨበም። «ስሙን» የምትለው ቃል ከጆሮው ወደ ልቡ ወረደች፥ ከልቡም ወደ ጉልበቱ ወረደች፤ ፍርሃቱን ሁሉ ረሳ፥ የሚያደርገውንም ሳያውቅ ከሰልፉ ወጥቶ እጁን ዘረጋ፦ «እኔ ነኝ! እኔ ክፍሉ ነኝ የፈጠርኩት! ስብሰባንና ሰልፍን አጋብቼ በአፌ የወለድኳት እኔ ነኝ! ግድግዳው ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው!»

ከሁሉ አስቀድሞ ፍየሎቹ ጮኹ። ከዚያም ጓድ በቀለ ነጎደ፦ «ንዑስ ከበርቴ! የሕዝብን ቅርስ የግል ሀብቱ ሊያደርግ! ወይ ያኔ ዋሽቶናል፥ ወይ አሁን እየዋሸን ነው፤ በሁለቱም ያስጠይቀዋል!» ከላይ የመጣው ጓድ ፊቱ እንደ ግንብ ሆነ፤ አጃቢዎቹም አንድ እርምጃ ወደፊት ራመዱ። በዚህ መካከል ሼህ አብዱላሂ በትሩን ተደግፎ ቀረበ፥ ድምፁንም ሳያነሣ ለክፍሉ ብቻ እንዲህ አወጀ፦ «ልጄ፥ አንተ ድሬ ሱቅ አለህ። ቃሉን ስትወስድ የእኛ ሱቅ አብሮ ይሄዳል። የአንተ ከሆነ፥ አላህ ሌላ ይስጥህ፤ አንተ ቃል ማውጣት ትችላለህ። እኛ ስኳር ማውጣት አንችልም።» ክፍሉ ሰማው፥ ሴቶቹንም ከነጣሳቸው አየ፥ ልቡም ተነካ፤ ነገር ግን ክብር ያሰከረው ሰው አንድ ጊዜ ከተነሣ አይቀመጥምና፥ ጭራሽ «ምስክር አለኝ! ሚስቴ ትጠየቅ!» ብሎ ጮኸ።

እነሆ ወይዘሮ የሺአረግ ከእናቶች ክንፍ ወጣች። ነጠላዋን አጣፋች፤ ባልዋን አየችው፥ አጃቢዎቹን አየቻቸው፥ ከወገባቸው የተንጠለጠለውንም አየች፤ የሐርላ ሴቶችንም አየች፥ የቅመም ደንበኞቿ ናቸውና እያንዳንዳቸውን በስም ታውቃቸዋለች። ክፍሉ ፈገግ ብሎ ጠበቃት፤ በዚያ ደፍ ላይ ስቃ ያለቀሰችው እርሷ ነበረች፥ ቃሉ እንዴት እንደ ተወለደም ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና። የሺአረግም በአደባባይ፥ በጠራ ድምፅ፥ እንዲህ አወጀች፦

«ኧረ አቦ ጓዶች፥ በናታችሁ! ይሄ ሰውዬ ነው ቃል የሚፈጥረው? ይሄ? ለመጀመሪያ ልጃችን ስም ማውጣት አቅቶት ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ‹ማሙሽ› ሲባል የቆየ እኮ ነው! ሲያጨኝ የላከልኝን ደብዳቤ እንኳ ያጻፈው በሰው ነው! ቃሉን እኔ የሰማሁት ገበያ ላይ፥ ከእነዚህ ከሐርላ ሴቶች ነው። ከሰማሁት ቆይቻለሁ። እሱ ፀሐይ መትታው ነው፤ ቁርስም አልበላም። ተዉልኝ፥ ቤት ወስጄ ራሱ ላይ ውኃ ላፍስበት።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ዳሂር ከጋሪው ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ ከላይ የመጣው ጓድም ሳይወድ ከንፈሩ ተላቀቀ፥ ሰው የሳቀበትን ሰው ማሰር ያስቸግራልና። ያቺ ደብዳቤ ግን በክፍሉ በገዛ እጁ የተጻፈች ነበረች፤ የሺአረግም እስከዚያች ቀን ድረስ በሣጥንዋ ግርጌ አስቀምጣት ነበር፤ ይህንም ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም። ጸሐፌ ግድግዳ ምስክሩን ሰምቶ አመድ መሰለ። ቀጥሎም በዘመኑ ሥርዓት ግለ ሂስ አድርግ ተባለ፤ ግለ ሂስ ማለት ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ በሕዝብ ፊት የሚያወግዝበት ነው። ክፍሉም ተነሣ፥ የሼህ አብዱላሂን ዓይን ሸሽቶ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አወጀ፦ «ቃሉ የሐርላ ነው። እኔ ምንም ቃል ፈጥሬ አላውቅም። የስም ፍቅር አሳስቶኝ ነው።» ተጨበጨበለት፤ በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦለት አያውቅም። ሱቁም ጸደቀ።

ባልና ሚስት የደረቀውን የደቻቱን አሸዋ እየረገጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ክፍሉ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ይራመድ ነበር። የሺአረግም አሸዋው መካከል ሲደርሱ ቆመች፥ ሰውም እንደሌለ አየች፥ የመጨረሻውን አዋጅዋን ነገረችው፦ «አኩርፈሃል አይደል? አኩርፍ። ቃሉ ያንተ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ወላሂ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ግን ስምህ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አንተ ከቤት ከምትታጣ፥ ስሙ ገደል ይግባና አንተ ኑርልኝ።» ይህን ብላ ራስዋ አለቀሰች፥ በነጠላዋም ጫፍ ዓይንዋን ጠረገች። ክፍሉ ደስም አለው፥ ከፋውም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን እስከ ቤት ድረስ አልለየለትም።

ወራት ካለፉ በኋላ የሐርላ ሱቅ ተከፈተ፤ ጸሐፌ ግድግዳም ምርቃቱን ለግድግዳው እንዲዘግብ ተላከ። ያን ሰሞን በድሬ ስኳር ጠፍቶ ነበርና ሥራውን ጨርሶ ከረጢቱን አወጣ፥ ከሰልፉም ጫፍ ቆመ። ከፊቱ የቆመች አንዲት አሮጊት ሸሚዙን አየችና የከተማ ሰው መሆኑን ዐወቀች፤ ከተሜ ምን ያውቃል ብላም አዘነችለትና እንዲህ ስትል አወጀችለት፦ «አብሽር ልጄ፥ ተራው ይደርስሃል። ይሄ ስብሰልፍ ይባላል፤ ቃሉ የእኛ ነው። ድሮ እነዚያ ረጃጅሞቹ በነበሩ ጊዜ አንድ ንጉሥ ነበረ፤ እህሉን ይዞ ሴቶቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ያወራል፥ ያወራል፥ አይሰጥም። ወንዶቹ ሁሉ ፈሩ። ኪንሲ የምትባል ሴት ግን ወጥታ፥ ፊት ለፊቱ ቆማ፥ ‹አንተ ንጉሥ፥ ይሄ ስብሰባ ነው ወይስ ሰልፍ? ወይስ ስብሰልፍ ነው?› አለችው። ንጉሡ አፈረ፥ እህሉንም ሰጠ። እሷን ግን በኋላ አስገደላት። መቃብሯ ያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ልጆቻችን ሲያልፉ ያስታውሷታል።»

ክፍሉ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አልጻፈም ነበር፤ ንጉሡንም፥ ሴቲቱንም፥ መቃብሩንም። ቆሞ አሰበ፤ እርሱ ቃሊቱን ያላት በደጃፉ፥ ለሚስቱ፥ ማንም በማይሰማበት ነበር፤ ኪንሲ ግን ለንጉሥ በፊቱ ተናግራለች። ቃሊቱ ከእርሱ ይልቅ ለእርሷ እንደምትገባ ተሰማው፤ ቀናባትም። ሊናገር አፉን ከፈተ፥ ኮረብታውንም አየ፥ ቆቡንም ከራሱ አወረደ።

እንግዲህ ጸሐፌ ግድግዳ ክፍሉ ሆይ፥ ብዕረ ስሉጥ፥ ዐቃቤ ሙጫ፥ አበ ስብሰልፍ፥ ሰላም እንልሃለን! ሰላም ለአንገትህ፥ በጓድ በቀለ ንግግር ለተቃጠለው። ሰላም ለእጅህ፥ የልጅህን ሐሰተኛ ትውልድ ጽፎ በገዛ ሙጫው ለለጠፈው። ሰላም ለጉልበትህ፥ ባልተጠራበት ለተነሣው። ሰላም ለጆሮህ፥ ከሚስትህ አፍ ያንን ሁሉ ሰምቶ በቦታው ለቀረው። ስምህ ለዘለዓለም አይረሳ እንዳንል ቀድሞም የሚያውቀው የለም፤ ዘመንህ ይርዘም እንዳንል ደግሞ ሰልፉ ገና ረጅም ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰላም ለአንደበትህ፥ በዚያች ቀን በሐርላ ሰልፍ ላይ ቆመህ፥ አሮጊቲቱ ተረቷን በጨረሰች ጊዜ፥ የእኔ ናት ማለትን ትቶ «ነፍሷን ይማር» ላለው።